ብርቱካናማውን ልብስ ማን ሠራው?

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከአክስቴ ልጀምር። አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሳሎኗ ጥግ፣ መስኮቱ ስር፣ በእግር የሚረገጥ ጥቁር የሲንጀር መኪና ነበራት። የሠፈሩ ሴት ለበዓልም ለሠርግም እሷ ጋ ነበር የሚያሰፋው። በወጣትነቷ ደግሞ ሲኒማ ራስ እየሄደች የህንድ ፊልም ታይ ነበር። የፊልም ስም አትይዝም። የተዋንያኑንም ስም አብዛኛውን ረስታዋለች። ልብሱን ግን ዛሬም ጠይቋት። አንገቱ እንዴት እንደተቆረጠ፣ እጅጌው የት ላይ እንደሚያበቃ፣ ጨርቁ ሲለቀቅ እንዴት እንደሚወርድ አንድ በአንድ ትነግራችኋለች።

ከሁሉም አንዲት ልብስ ከአፏ አትጠፋም። "ብርቱካናማ ናት" ትላለች። "ሰውነቷ ላይ ጥምጥም ያለች። ልጅቷ ትዘላለች፣ ትሽከረከራለች፣ ጨርቋ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። እንዴት አድርጎ ነው የሰፋት?"

ሳሪ እንደምታውቁት አንድ ረጅም ጨርቅ ነው። አምስት ሜትር ተኩል ይሆናል። ወገብ ላይ ይጠመጠማል፣ ፊት ለፊት ይታጠፋል፣ ጫፉ ትከሻ ላይ ይጣላል። በዚያ ላይ እንደ ልብ መዝለል ከባድ ነው። ይፈታል። አክስቴን ዓመታት ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፤ "አድርጎ" ነው የምትለው። ሰፊው ወንድ ነው ብላ ደምድማለች።

አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ፊልሙን ፈለግኩት፤ አገኘሁትም። "ብራህማቻሪ" ይባላል፤ በ1968 የወጣ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።) ልብሷን የለበሰችው ተዋናይት ሙምታዝ ናት። ከሻሚ ካፑር ጋር ትጨፍራለች። ልብሷን የሠራችው ደግሞ ባኑ አታይያ የምትባል ሴት ናት። ሳሪዋን አስቀድማ ቅርጽ አስይዛ ሰፍታ፣ በዚፕ የምትዘጋ አድርጋታለች። የተጠመጠመች ትመስላለች እንጂ እንደ ቀሚስ የምትገባ ናት።

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። አክስቴ ያቺን ልብስ ስንት ዓመት በልቧ ይዛ ኖራለች። የሠሪዋን ስም ግን አንድም ቀን የነገራት የለም። ዛሬ የማወራችሁ እንደሷ ስላሉ የፊልም ልብስ ሠሪዎች ነው። ሥራቸው ዓይናችን ውስጥ ቀርቶ ስማቸው ስላልደረሰን።

መጀመሪያ አንድ የቋንቋ ነገር። "የማሪሊን ሞንሮ ነጭ ቀሚስ" እንላለን። ከምድር ስር ባቡር መተንፈሻ ላይ ቆማ ነፋሱ የሚያነሳው። ቀሚሱ በ2011 በጨረታ 4.6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል፤ የአጫራቹ ድርሻ ሳይጨመር። የሠራው ዊልያም ትራቪላ ነው። ግን የትራቪላ ቀሚስ ብላችሁ ብትናገሩ ማንም አይገባውም። ፊልም ላይ ልብስ የለባሹ ይሆናል። ይሄ በከፊል የሙያው ባህሪ ነው፤ ልብሱ የተሠራው ሰውየውን እንድናምን ነውና። ተመልካቹ "ምን ዓይነት ስፌት ነው!" ብሎ ከታሪኩ ከወጣ ሰፊው ተሸንፏል።

ከውስጥ ያለውን ሥራ ግን አስቡት። "ጊልዳ" የሚባለው የ1946 ፊልም ላይ ሪታ ሄይዎርዝ ጥቁር የሳቲን ቀሚስ ለብሳ ትዘፍናለች። ትከሻ የለውም፤ ማንጠልጠያ የለውም። እጇን ወደ ላይ ታነሳለች፣ ወገቧን ትሰብቃለች፣ ቀሚሱ አይንሸራተትም። ዣን ሉዊ የተባለው ዲዛይነር ከውስጥ ደጋፊ ዘንጎች ከትቶበታል፤ የላይኛውን ጠርዝ ደግሞ በደረቷ ቅርጽ አበጅቶ አጠንክሮታል። እኛ የምናየው ለስላሳ ሳቲን ነው። ከስሩ ያለው ግን የቤት ጣሪያ የሚሸከም ማገር በሉት።

ስማቸው የጠፋበት ሌላው ምክንያት ግን የሙያ ባህሪ አይደለም። የሰው ሥራ ነው።

ኦስካር መሰጠት የጀመረው በ1929 ነው። ለአልባሳት ሽልማት የተሰጠው ግን በ1949 ነው። ሃያ ዓመት! በመሀል ምን ምን አለፈ መሰላችሁ። በ1939 ብቻ "የኦዝ ጠንቋይ" አለ፣ "ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ" አለ። የኦዟ ልጅ ቀይ ጫማ መጽሐፉ ላይ ብር ነበር። ቴክኒከለር በሚባለው የቀለም ፊልም፣ በቢጫው መንገድ ላይ እንዲያበራ ቀይ ተደረገ። የፊልሙን አልባሳት የሠራው አድሪያን ነው፤ የኤምጂኤም ስቱዲዮ ዋና ዲዛይነር። በ1941 ስቱዲዮውን ለቀቀ። ሽልማቱ ሲጀመር እሱ የለም። በ1959 ኦስካር ሳይነካ ሞተ። "ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ" ላይ ደግሞ ገንዘብ የቸገራት ሴት የቤቷን አረንጓዴ መጋረጃ አውርዳ ቀሚስ ታሰፋለች። የመጋረጃው ማሰሪያ ገመድ ሳይቀር መቀነት ሆኗል። ችግሯንም ኩራቷንም በአንድ ልብስ ታያላችሁ። ዋልተር ፕለንኬት ነው የሠራው። ፊልሙ ሽልማቱን ጠራርጎ ሲወስድ የእሱ ሙያ ዝርዝሩ ውስጥ እንኳን አልነበረም።

ሽልማቱ ከመጣ በኋላስ? ይሄኛውን ረጋ ብለን እንየው።

በ1953 ተዋናይቷ ኦድሪ ሄፕበርን ፓሪስ ወደሚገኝ አንድ ስፌት ቤት ሄደች። የ24 ዓመት ልጅ ናት። "ሳብሪና" ለሚባል ፊልም ልብስ ፍለጋ ነው የሄደችው። ባለቤቱ ኡቤር ደ ዢቫንሺ 26 ዓመቱ ነው። ሚስ ሄፕበርን ትመጣለች ሲሉት ካትሪን ሄፕበርን መስላው ነበር፤ በጊዜው ታዋቂዋ እሷ ነበረችና። በሩን ስትገባ አንዲት ቀጭን፣ ትልልቅ ዓይን ያላት ልጅ ናት። እሱ ደግሞ አዲስ ስብስቡን ለማድረስ እየተጣደፈ ነው። ለአንቺ የምሠራበት ጊዜ የለኝም አላት። እሷም ተሠርቶ ከተሰቀለው መረጠች።

ከመረጠቻቸው አንዱ ጥቁር አጭር ቀሚስ ነው። አንገቱ ከትከሻ ትከሻ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው፤ እንደ ጀልባ አፍ። ትከሻዎቹ ላይ ትንንሽ ሪባን ታስሮባቸዋል። የሄፕበርን የአንገት ስር አጥንት ወጣ ወጣ ያለ ነበር፤ እሷም አትወደውም ነበር። ያ አንገት በልኩ ሸፈነላት። በጣም ከመወደዱ የተነሳ የአንገት አቆራረጡ በፊልሙ ስም "ሳብሪና" ተብሎ ይጠራ ጀመር።

ፊልሙ በ1954 ወጣ። የአልባሳት ዲዛይነር ተብሎ የተጻፈው ኢዲት ሄድ ነው። በ1955 ለጥቁርና ነጭ ፊልም አልባሳት የተሰጠውን ኦስካር የወሰደችው እሷ ናት። የዢቫንሺ ስም ፊልሙ ላይ የለም።

ኢዲት ሄድን እዚህ አቁሜ ልከሳት አልመጣሁም። ትልቅ ባለሙያ ናት። ስምንት ኦስካር አላት፤ 35 ጊዜ ታጭታለች። የፓራማውንት ስቱዲዮን የአልባሳት ክፍል በ1938 ስትረከብ ወንበሩ በአብዛኛው የወንድ ነበር። "ሳብሪና" ላይም የሠራቻቸው ልብሶች አሉ። በጊዜው አሠራር የክፍሉ ኃላፊ ስም ይጻፋል፤ ከሥር ያለው ሰው አይቆጠርም። ግን አሠራር ነው ብለን ማለፍ አለብን ወይ? ልብሱን ሌላ ሰው ቆርጦታል። መድረኩ ላይ ቆሞ የዚያን ሰው ስም መጥራት አንድ ትንፋሽ ነው የሚፈጀው። እኔ ይሄ ዝምታ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ሄፕበርንም አልወደደችውም። በ1957 "ፈኒ ፌስ" የተባለው ፊልሟ ሲወጣ የዢቫንሺ ስም ተጽፏል፤ ከኢዲት ሄድ ጋርም አብሮ ታጭቷል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ወዳጅ ሆኑ። እሱ በ2018 በ91 ዓመቱ ሲሞት ኦስካር አልነበረውም።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ። ይህቺ ሄፕበርን የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆና የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ እኛ አገር ነው፤ በ1988፣ በድርቁና በጦርነቱ ጊዜ። መቀሌ የሕፃናት ማሳደጊያ ገብታለች። የዚያን ጊዜ ፎቶዎቿን እዩአቸው። ተራ ሸሚዝ ነው የለበሰችው፣ ፀጉሯን አስራ። እኔ ከጥቁሩ ቀሚስ እኩል ነው የምወዳቸው።

ዢቫንሺ ቢያንስ የራሱ ስፌት ቤት፣ የራሱ ስም ነበረው። አሁን የምነግራችሁ ሴት ግን ስሟ እንኳን ብዙ ጊዜ አልተጠራም።

አን ሎው ትባላለች። በአላባማ ክፍለ ሀገር ክሌይተን በምትባል ከተማ ነው የተወለደችው፤ በ1898። ጥቁር አሜሪካዊት ናት። አያቷ በባርነት የኖሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናቷም ልብስ ሰፊ። እናቷ ሲሞቱ ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው። እናቷ ጀምረው ያልጨረሷቸው የትልልቅ እመቤቶች ቀሚሶች ነበሩ፤ ተቀምጣ ጨረሰቻቸው። ኒውዮርክ ሄዳ የዲዛይን ትምህርት ቤት ስትገባ ከነጮቹ ተማሪዎች ለይተው ለብቻዋ ነው ያስቀመጧት።

በ1947 ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ በምርጥ ተዋናይትነት ኦስካር ተቀበለች። የለበሰችው ቀሚስ ፈካ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ስስ ጨርቅ፣ አበባ በእጅ የተሣለበት። ውስጡ ላይ የተሰፋው ስም ሶንያ ሮዘንበርግ ይላል። አን ሎው በዚያን ጊዜ ለሰው ቤት ነበር የምትሠራው። ዓለም ሁሉ ያየው ፎቶ ላይ ያለው ሥራ የእሷ ነው። ስሙ ግን የባለቤቶቹ ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ የጃክሊን ቡቪዬን የሠርግ ቀሚስ ሠራች፤ ጆን ኬኔዲን ያገባችበትን። 50 ያርድ ሐር ነው የፈጀው፤ ወደ 45 ሜትር ማለት ነው። ሠርጉ አሥር ቀን ሲቀረው የሥራ ቤቷ የውኃ ቧንቧ ፈነዳ። የሙሽራዋም የሚዜዎቹም ልብስ ተበላሸ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ መርፌ የያዘ ሰው ካለ ይገባዋል። ሁለት ወር የለፋህበትን በአሥር ቀን እንደገና! አዲስ ጨርቅ በራሷ ገንዘብ ገዛች። ሠራተኛ ጨመረች። ሌሊቱን እየሠሩ ጨረሱት። 700 ዶላር አተርፋለሁ ያለችው ሴት 2,200 ዶላር ከሰረች። ለሙሽራዋ ቤተሰብ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ልብሱን ይዛ ሠርጉ ወደሚደረግበት ኒውፖርት ስትደርስ በሠራተኞች በር ግቢ አሏት። እምቢ አለች። በዋናው በር ካልገባሁ ልብሱን ይዤ እመለሳለሁ አለች። በዋናው በር ገባች።

ከሠርጉ በኋላ ጋዜጦች የቀሚሱን ጨርቅና እጥፋት ዘርዝረው ጻፉ። የአን ሎው ስም ግን ከሞላ ጎደል የለም። በ1981 ሞተች። ዊንተርተር የሚባለው ሙዚየም ሥራዎቿን ሰብስቦ ትልቅ አውደ ርዕይ ያዘጋጀላት በ2023 ነው።

አሁን ወደ ባኑ አታይያ ልመለስ። የማወራው ዋናው እሷን ነው።

በ1929 ኮልሃፑር በምትባል የህንድ ከተማ ነው የተወለደችው። አባቷ ሰዓሊ ነበሩ፤ ገና ልጅ ሳለች ሞቱባት። ቦምቤይ መጥታ ታዋቂው ጄ. ጄ. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረች። ዛሬ ሥዕላቸው በሚሊዮን ከሚሸጥላቸው የህንድ ሰዓልያን ጋር በ1953 ሥራዋን አሳይታለች። እንጀራዋን የምታገኘው ግን ለሴቶች መጽሔት የፋሽን ሥዕል በመሣል ነበር። ከዚያ የሣልሽውን ለምን አትሰፊውም ተባለች። ሰፋች። ተዋናይቶች ያንን አዩ። በ1956 "ሲ.አይ.ዲ." የሚባለውን ፊልም አለበሰች። ከዚያ ወዲያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል፣ ከመቶ በላይ ፊልም።

እንዴት እንደምትሠራ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። "አምራፓሊ" የሚባል የ1966 ፊልም አለ። ታሪኩ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የነበረ ነው። የዚያን ዘመን ልብስ ከየት ታመጣለች? ተነስታ አጃንታ ሄደች። አለት ተፈልፍሎ የተሠሩ የቡድሃ ዋሻዎች ናቸው፤ ግድግዳቸው በጥንት ሥዕል የተሞላ። ሴቶቹ ጨርቁን የት ጋ እንደሚቋጥሩት፣ ጌጡ ወገባቸው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ከግድግዳው ላይ አጠናች። አንድ ሰው ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ፣ ቀና ብሎ ሥዕሉን እያየ የዘመኑን ሰው ልብስ ቢሰፋ ማለት ነው። እኛ አገር የታሪክ ፊልም ለሚሠሩ ወጣቶች ይህንን ደጋግሜ እነግራለሁ። ግድግዳውን እዩ። ከዚያ ሽሮ ሜዳ ሂዱ።

ከዚያ "ጋንዲ" መጣ፤ የ1982ቱ ፊልም። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ አተንቦሮ እንግሊዛዊ ነው። የእንግሊዞቹንና የወታደሮቹን ልብስ ጆን ሞሎ ያዘ። "ስታር ዋርስ"ን ያለበሰው ሰው ነው፤ አንድ ኦስካር ቀድሞ አለው። የህንዶቹን ልብስ ባኑ ያዘች። የህንዶቹን ስል ስንት ሰው ማለት እንደሆነ አስቡ። የቀብሩ ትዕይንት ብቻ ከ300 ሺህ ሰው በላይ የወጣበት ነው።

ለእኔ ግን ትልቁ ሥራ ሕዝቡ ላይ አይደለም። የአንድ ሰው ገላ ላይ ነው። በ1893 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከባቡር ሲወረወሩ ጋንዲ ሙሉ ሱፍና ክራቫት የለበሱ ወጣት ጠበቃ ናቸው። አንገታቸው በጠንካራ ኮሌታ ታንቋል። ከዚያ ፊልሙ እየገፋ ሲሄድ ልብሱ ይቀንሳል። ሱፉ ይሄዳል። የገበሬው ልብስ ይመጣል። ከ1921 ወዲህ ማህተመ ጋንዲ ወገባቸው ላይ አጭር ጨርቅ፣ ብርድ ሲሆን ትከሻቸው ላይ አንድ ኩታ፣ በቃ። ከሦስት ሰዓት የሚበልጥ ፊልም ነው። ንግግሩን ዘግታችሁ ልብሱን ብቻ ብትከተሉ ታሪኩ ይገባችኋል።

ጨርቁ ደግሞ ካዲ ነው፤ በእጅ የተፈተለ፣ በእጅ የተሸመነ። ይህንን ለፈረንጅ ለማስረዳት ገጽ ሙሉ ያስፈልጋል። ለእናንተ "ፈትል" ብል ይበቃል። እናቶቻችን እንዝርት ሲያሾሩ አይተናል። በእጅ የተፈተለ ክር እኩል አይደለም፤ አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ሳሳ ይላል። ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ፋብሪካ ጨርቅ አያንጸባርቅም፤ ይውጠዋል። ነጭ ሲባልም አንድ ነጭ አይደለም። አዲስ ነጠላ ሌላ ነው፤ መቶ ጊዜ የታጠበ ነጠላ ሌላ ነው፤ አቡጀዴ ሌላ ነው። "ጋንዲ"ን ስታዩ ነጮቹን ልብ ብላችሁ እዩ። ከሀብታሙ የፖለቲከኛ ነጭ እስከ መንደሬው የታጠበ ነጭ፣ ሁሉም ያልኖረበትን ኑሮ አይናገርም።

ሚያዝያ 1983 ሎስ አንጀለስ ላይ ሁለቱ ስማቸው ተጠራ። ባኑ አታይያ ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ህንዳዊት ሆነች። ህንዳዊት ብቻ ሳይሆን ህንዳዊም አልቀደማትም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ህንድ ውስጥ ራሱ ስሟን የማያውቅ ብዙ ነው። የተዋናዩን ያውቃል። የዘፋኟን ያውቃል። በ2012 ሐውልቱን ወደ አሜሪካ፣ ለሰጣት አካዳሚ መለሰችው። እንዳይጠፋባት፣ ከእሷም በኋላ የሚጠብቀው እንዳይጎድል ሰግታ። ከሰማንያ ዓመት ያለፈች አዛውንት የሕይወቷን ትልቁን ሽልማት ጠቅልላ ስትመልስ አስቡት። በ2020 በ91 ዓመቷ ሞተች።

አንድ የቀረችኝ ነገር፣ ከቤታችን ስለሆነች። "ብላክ ፓንተር" የሚባለው ፊልም ላይ አንድ ሽማግሌ አለ። አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ ታችኛው ከንፈሩ ላይ ክብ ሸክላ አድርጓል። አልባሳቱን የሠራችው ሩት ካርተር ናት፤ በ2019 በዚህ ፊልም ኦስካር ስትወስድ በአልባሳት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ዓመት የለፋች ናት። ግን ያንን ሸክላ ስናይ እኛ ሱሪዎችን እናውቃለን፣ ሙርሲዎችን እናውቃለን። በእነሱ ዘንድ ደግሞ ሸክላውን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው፤ ወንድ አያደርገውም። በዓለም ዙሪያ ፊልሙን ካየው ሰው ስንቱ የኦሞን ሴቶች አሰበ? አልባሳት ሠሪዋ ስሟ ሲጠራ ከእሷ ጀርባ ደግሞ ስማቸው ያልተጠራ ሌሎች አሉ። ሸክላውን የጠፈጠፈች ሴት አለች።

ወደ አክስቴ ልመለስና ላብቃ። ፊልሙን ያገኘሁት ቀን ስልኬን ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ሲንጀሯ አሁንም መስኮቱ ስር አለ፤ ላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጦበታል። መነፅሯን አደረገች። ዘፈኑን ከፈትኩላት። ሙምታዝ ስትወጣ "እሷ ናት!" ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ሠሪዋ ሴት እንደሆነች ነገርኳት። ባኑ አታይያ አልኳት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ራሷም አለችው። ከዚያ በዚፕ ነው የምትዘጋው አልኳት። ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

"ዚፑ የት ጋ ነው?" አለች።

ሦስት ጊዜ መልሰን አየነው። አላገኘነውም።